የተጋደመው ጠርሙስ

ወለተ ሩፋኤል በትዳር ዘመኗ ሁሉ አንድ ነገር አልገባ እንዳላት ኖራለች። ሙሉ ጠርሙስ ለምን ይጋደማል? እሷ በምታውቀው ዓለም የሚጋደም ባዶ ጠርሙስ ነው። ሙሉው ይቆማል። ጋኑ ይቆማል፣ እንስራው ይቆማል፣ የሚጋደም ሰካራሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቤታቸው ጓሮ፣ አማቷ ለስላሳውን ቀይ ድንጋይ ፈልፍለው ባበጁት ጠባብ ዋሻ ውስጥ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን ጠርሙስ ተጋድሞ ባገኘችው ቁጥር ታቆመዋለች። ባሏ ምሥጋናው ደግሞ ቆሞ ባገኘው ቁጥር ያጋድመዋል። ልጆች ወልደው አሳድገው ዳሩ፤ መንግሥት ሄዶ መንግሥት መጣ፤ ጦርነትም በሰፈራቸው አለፈ። የጠርሙሱ ክርክር ግን እንዳለ አለ።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው የፈረንሳይ አገር ቀይ ወይን ነው። ያመጣው ሙሴ ሉሲያን የሚባል ሰው ሲሆን፣ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ላሊበላ መጥቶ የአብያተ ክርስቲያናቱን ግድግዳና አምድ ሲለካ ከርሟል። ምሥጋናው ያኔ ሃያ ዓመት ያልሞላው የሆቴል አስተናጋጅ ነበር። ነጭ ኮት ለብሶ ሾርባ ሳያፈስ ከማድቤት እስከ ጠረጴዛ መድረስ መቻሉ ራሱ ለሰፈሩ ሰው ወሬ በነበረበት ዘመን ማለት ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሙሴ ሉሲያን ከሻንጣው ያረጀ ወይን አውጥቶ ከፈተና፣ ለራሱ ከቀዳ በኋላ ብርጭቆውን ለአስተናጋጁ ዘረጋለት። እንዲጠጣ አይደለም፣ እንዲያሸት ነው። በተሰባበረ አማርኛ አስረዳው። አዲስ ወይን ፍሬ ፍሬ ይሸታል። ሲያረጅ ፍሬው ይሄድና አፈር ይመጣል፣ የረገፈ ቅጠል ይመጣል። ከሞተ ግን ኮምጣጤ ይሆንና አፍንጫ ይወጋል። አገሩ ሊመለስ ሲል ደግሞ ሌላ ጠርሙስ፣ ገና ያልበሰለ ነው ብሎ ሰጠው። «ይሄ እንዳንተ ልጅ ነው። ጨለማ ቦታ አጋድመው፣ አትነቅንቀው። አንተ ስታረጅ እሱም ያረጃል፤ ያኔ ክፈተው» አለው።

ምሥጋናው ይህን ታሪክ በየማኅበሩ፣ በየሰርጉ፣ በየለቅሶው ሳይቀር አውርቶታል። ሰሚው እስኪሰለች አውርቶታል። ነገር ግን አንዲት ነገር ሁልጊዜ ይዘላል። ያን ቀን ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ የመጣለት አፈርም ቅጠልም አልነበረም። የአባቱ በቅሎ ኮርቻ ነበር፤ ክረምት ላይ አባቱ ከኩልመስክ ገበያ በዝናብ ተደብድበው ሲገቡ ከበቅሎዋ ጀርባ አውርደው እሳት ዳር የሚያስቀምጡት ኮርቻ። ለፈረንጁ ይህን ማለት አፈረ። የሰውየውን ወይን ከበቅሎ ላብ ጋር ማወዳደር ነውር መሰለው። ለሰፈሩ ሰው መናገርማ የባሰ ነው፤ ጎረቤቱ አረጋ ቢሰማ ዕድሜ ልኩን ይሳለቅበታል። እንዲሁ በሆዱ ይዞት ቀረ።

አረጋ ያለ ኮርቻውም መሳለቁን አልተወም። ገበሬ ነው፣ ማኅበርተኛ ነው፣ ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖር ጎረቤት ነው። ጠዋት በአጥር ላይ ብቅ ብሎ እንደ ሰው «እንዴት አደርክ» አይልም። «ኮምጣጤህ እንዴት አደረ?» ነው ሰላምታው። ምሥጋናውም «ደህና ነው፣ አንተን ይጠይቃል» ይለዋል። ሁለቱም እስኪሸብቱ በዚሁ ሰላምታ ዘለቁ።

ሆቴሉ በደርግ ጊዜ ተዘጋ። ምሥጋናው ነጩን ኮት አውልቆ ወደ አባቱ መሬት ቢመለስም አፍንጫው ግን ሥራ አላጣም። የጠጅ አዋቂ ሆነ። ሰርግ የደገሰ ሁሉ ጋኑን ሳይከፍት እሱን ይጠራል። ምሥጋናው ይመጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ ያሸታል፣ «ሁለት ቀን ይቆይ» ወይም «ለእንግዳ ይቅረብ» ይላል፤ ያለው ይሆናል። እቤቱ ውስጥም ይህ አዋቂነቱ አላረፈም። ዘይቱ ከርሟል፣ ሽንኩርቱ አልቀላም፣ በርበሬው ከማን ተገዛ፣ ይህን ሁሉ ሳይል አንድ ጉርሻ አይውጥም። ወለተ ሩፋኤል ይህን ጭቅጭቅ ችላ ኖራለች። መቻሏም የቅድስና ያህል ነው።

በኮሮናው ዓመት ምሥጋናው ታመመና ዳነ። ሳሉ ተወው፣ ትኩሳቱ ተወው፣ አፍንጫው ግን አልተመለሰም። መጀመሪያ ላይ ይመለሳል ብሎ ጠበቀ። ዓመት አለፈ። ሁለተኛው ዓመት ሲገባ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ አፍንጫው ሥር ቢይዝ ድንጋይ የያዘ ያህል ምንም አልመጣለትም። ያን ዕለት ጓሮ ሄዶ ብቻውን አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ደበቀው። ምሥጋናው ማለት አፍንጫው ነው፤ እሱ ከሌለ አንድ ተራ ሽማግሌ መሆኑ ታየው። ሰርግ ሲጠሩት አረፋውን ያያል፣ ቀለሙን ያያል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የደጋሹን ሚስት ፊት ያያል። ፊቷ ካላማረው «ጌሾው ትንሽ ቀድሟል» ይላል። ጌሾ ቀደመ ሲሉት የሚከራከር ሰው የለም። እቤቱም ያቀረቡለትን እየበላ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ጀመረ። ወለተ ሩፋኤል የጠረጠረች አልመሰለውም።

ጥቅምት ሲያልቅ አረጋ ሆዱን አሞት ደሴ ወስደውት ነበር። ሐኪሞቹ ልጆቹን ለብቻ ጠርተው አነጋገሩና ይዘውት ተመለሱ። አረጋ ማንም ምንም ሳይነግረው ነገሩ ገብቶታል። ምሥጋናው ሊጠይቀው ቢገባ፣ ኮምጣጤህ እንዴት አደረ አላለውም።

«ለገና አልደርስም» አለው። «ጾመ ነቢያት ሳይገባ ያን ጠርሙስ አምጣው።»

«ምነዋ፣ ትድናለህ እንጂ።»

«ተው እንግዲህ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ኮምጣጤ ነው ብዬሃለሁ፣ ወይን ነው ብለኸኛል። ማን እንደዋሸ ሳላውቅ መሄድ አልፈልግም። እኔ ጠላና አረቄ ነው የማውቀው፤ ብጠጣውም አልለየውም። አንተ ቅመስና ቃልህን ስጠኝ። ለሚሞት ሰው አትዋሽም መቼም።»

ምሥጋናው እሺ ብሎ ወጣ። እቤቱ ገብቶ ግን ያስብ ጀመር። ነገሩ ቀላል ነበር። ቀምሶ ወይን ነው ቢል ማን ይከራከረዋል? በላስታ ምድር ያረጀ የፈረንጅ ወይን ያሸተተ እሱ ብቻ ነው። ነገር ግን አረጋ ትክክል ቢሆንስ? ሃምሳ ዓመት ተጋድሞ የኖረው በእርግጥ ኮምጣጤ ቢሆንስ? የሠርገኛን ጠጅ ማሳለፍ አንድ ነገር ነው። ጓደኛን አታሎ ወደ መቃብር መሸኘት ግን ከበደው። ማሽተት አልችልም ብሎ እንዳይናገርም፣ አሸተትኩ ብሎ ያሳለፋቸው የሰርግ ጠጆች ሁሉ ትዝ እያሉት አፈረ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ የራሱ ጉጉት ነው። ይህን ጠርሙስ ሲጠብቅ አርጅቶ፣ የሚከፈትበት ቀን ሲመጣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሊቀር ነው። በዚህ ተናደደ። በፈጣሪ ላይ ላለመናደድ ሲል በሙሴ ሉሲያን ላይ ተናደደ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አረጋን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ፣ ጋቢ ደራርበው አልጋ ላይ አስቀምጠውት ነበር። የሁለቱም ንስሐ አባት አባ ወልደ ኪዳን ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ቀድሰው በእግራቸው መጥተዋል። ወለተ ሩፋኤል ዳቦ በመሶብ ይዛ፣ ብርሌ በእጇ አንጠልጥላ ገባች። ምሥጋናው ከሆቴሉ የቀረችውን አንዲት ባለ እግር ብርጭቆና የቡሽ መንቀያውን ይዟል። ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አጋድሞ ታቅፎታል።

ጨርቁን ፈታው። አስተናጋጅ እያለ ከጠቀለለው ወዲህ ፈትቶት አያውቅም፤ ለሌላውም አይነካም ብሎ ከልክሎ ነበር። አንገቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። የጠርሙሱ አፍ በወፍራም ሰም ተደፍኗል። በአንድ ጊዜ የተለበጠ አይደለም፤ ነጩ በቢጫው ላይ፣ ቢጫው በጥቁሩ ላይ እየተደራረበ እንቁላል አክሏል።

«ይሄን ማን አደረገው?»

«እኔ ነኝ» አለች ወለተ ሩፋኤል። «አንተ ስታጋድመው ይፈሳል ብዬ በየፋሲካው የጧፍ ቁራጭ እያቀለጥኩ እደፍነው ነበር። ላቆመው አልፈቀድክም፤ ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አይነካም አላልኩም?»

«ሰሙን ነው የነካሁት።»

አባ ወልደ ኪዳን ጢማቸውን ይዘው ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከቱ። ምሥጋናው ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሳው። ወይኑ እስከ አንገቱ ድረስ እንዳለ ነበር፣ ጠብታ አልጎደለም። ወይኑን ያቆየው የሱ ማጋደም ይሁን የሷ ሰም እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ያምናሉ።

ሰሙን በቢላ ፈቀፈቀ። ቡሹ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ተፈረፈረ፤ የቀረውን በትዕግሥት ለቅሞ አወጣው። እጁ ሥራውን አልረሳም። ከዚያ ጧፍ አስለኩሶ፣ የጠርሙሱን አንገት በብርሃኑ ላይ እያሳየ፣ ወይኑን በዝግታ ወደ ብርሌው ገለበጠው። አተላው ወደ አንገቱ ሲደርስ አቆመ። ብርሌው ውስጥ የገባው የጠበቁት ደም የመሰለ ቀይ አልነበረም። ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ያደላ፣ የሳሳ ነገር ነው።

«ቀለሙም አርጅቷል» አለ አረጋ። «በል ቅመስ።»

አሳላፊ ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል፤ የአገሩ ወግ ነው። ምሥጋናው በብርጭቆዋ ቀድቶ በግራ መዳፉ ጥቂት አፈሰሰና ጠጣ። ምላሱ ጎምዘዝ ያለ ነገር አገኘ። ኮምጣጤም ይጎመዝዛል፣ ወይንም ይጎመዝዛል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በአፍንጫ የሚታወቅ ነው። ብርጭቆዋን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ሳበ፣ ደግሞ ሳበ። ምንም አልመጣም። አባ ወልደ ኪዳን ያዩታል። አረጋ ደግሞ ከትራሱ ቀና ብሎ አፉን አፉን ያየዋል፤ ያ ሁሉ ፌዝ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ እንደ ፍርድ ጠባቂ ሆኗል። ምሥጋናው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

ወለተ ሩፋኤል መሶቡን አስቀምጣ መጣችና ብርጭቆዋን ከእጁ ወሰደች።

ሁሉም ገረማቸው። ይህች ሴት ለፈረንጅ መጠጥ አፌን አላበላሽም ስትል የኖረች ናት። በመዳፏ አፍስሳ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ ብርጭቆዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቆየች።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትይ ነው?» አለ አረጋ።

«አንተ ዝም በል፣ አያ አረጋ» አለችውና ወደ ባሏ ዞረች። ለሱ ብቻ የምትናገር ይመስል ነበር። «አይወጋም። አፍንጫ አይወጋም። አፈር ነው የሚለው። የረገፈ ቅጠልም አለው።»

ምሥጋናው አንገቱን ደፋ። አዘነላት። ይህንማ ከሱው አፍ የሰማችው ነው፤ መቶ ጊዜ አውርቶላታል። ልታድነው ብላ የሱኑ ታሪክ መልሳ እየነገረችው ነው። ታውቃለች ማለት ነው፣ ብሎ አሰበ። መቼ አወቀች?

ወለተ ሩፋኤል ግን አልጨረሰችም። ዓይኗን ጨፍና ደግማ አሸተተች፣ ሦስተኛም አሸተተች። ግራ የገባት መሰለች።

«ደግሞ ሌላ አለው» አለች። «ምን ልበልህ፣ ከመጠጥ ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ አባ ይቅር ይበሉኝ። ኮርቻ ነው። አባትህ ከገበያ ሲመጡ እሳት ዳር የሚያስቀምጡት፣ ዝናብ የመታው ኮርቻ። እሱን ነው የሚለው።»

ምሥጋናው የሚቀመጥበት ፈልጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከአፉ ያላወጣው ነገር ነው። ለእሷም፣ ለማንም። እንባው ሲመጣ አልከለከለውም።

«ወይን ነው» አለ። «አረጋ፣ ወይን ነው። አርጅቷል እንጂ አልሞተም።»

አረጋ ሁለቱን እያፈራረቀ አየ። «እሷ አሸተተች፣ አንተ ፈረድክ። ይሄ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው?»

«እኔ ማሽተት ካቆምኩ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው» አለ ምሥጋናው። ለመናገር ሲፈራ የኖረው ነገር ይህን ያህል አጭር መሆኑ ገረመው። «እሷ ያለችው ግን እውነት ነው። ሙሴ ሉሲያን ያስሸተተኝ ያረጀ ወይን እንዲሁ ኮርቻ ነበር የሚለው። አንተን ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት።»

«እንግዲያስ ባለፈው ዓመት በልጄ ሰርግ፣ ጠጁን ለእንግዳ ይቅረብ ያልከው በምንህ ነው?» አለ አረጋ።

«በዓይኔ።»

አረጋ ሳቀ። ሆዱን እስኪያመው፣ አባ ወልደ ኪዳን ትከሻውን እስኪይዙት ሳቀ። ሲበቃው እጁን ዘረጋና ብርጭቆዋን ተቀበለ። በትንሹ ተጎነጨ፣ አፉ ውስጥ አዟዟረው።

«አፈር አፈር ይላል» አለ። «ደግ ነው፣ ከወዲሁ ልልመደው።»

ማንም አልሳቀለትም። እሱ ግን ሌላ ጉንጭ ደገመ፤ ከዚያ ጠርሙሱን አቅርቡልኝ ብሎ እፊቱ አስቀመጠውና እንደ ሰው አነጋገረው። «ሃምሳ ዓመት ስምህን አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ» አለው። ከዚያ ለምሥጋናው፣ «እሱን ነው ይቅርታ የጠየቅሁት፤ አንተንማ አልጠይቅህም» አለ።

አባ ወልደ ኪዳን ባርከው ጠጡ፣ ዝም ብለው ብርጭቆዋን መልሰው አስቀዱ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ እስክታዘነብል ድረስ አራቱም በዚያችው በአንዲት ብርጭቆ እየተቀባበሉ ቆዩ። ወይኑ አየር ሲያገኝ ይለዋወጥ ነበር፤ ወለተ ሩፋኤልም ሥራዋ አድርጋ ያዘችው። «አሁን ኮርቻው ሄደ» ትላለች። «አሁን የደረቀ ሾላ መጣ። ጠብቅ፣ ጠብቅ፣ የጽጌረዳ ነገር ሸተተኝ፣ የደረቀ ጽጌረዳ።» ምሥጋናው እሷ እስክትናገር እየጠበቀ ይጎነጫል። ያለችውን በአፉ ውስጥ ይፈልጋል። ሾላ ስትል ሾላውን በልቡ ያገኘዋል፤ ጽጌረዳ ስትልም እንዲሁ። ከታመመ ወዲህ ምንም ነገር እንዲህ ጣፍጦት አያውቅም።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠየቃት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ያረረውን ሽሮ የበላህ ዕለት። ከሰል ሆኖ ነበር። እየላስክ እግዜር ይስጥልኝ አልከኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተስ ምነው ዝም አልክ?»

አረጋ ለገና አልደረሰም። እንዳለውም ቃሉን ጠበቀ። ከቀብር በተመለሱ ማግስት ወለተ ሩፋኤል ባዶውን ጠርሙስ አጥባ ወደ ዋሻው ወሰደችው፤ በገዛ እጇም አጋደመችው። ምሥጋናው ከኋላዋ ቆሞ አያት።

ያን ምሽት ሽሮ አቀረበችለት። እንጀራው ላይ አፍስሳ ስታበቃ፣ እንደ ዜና አንባቢ በረጋ ድምፅ፣ «ትንሽ አሯል» አለችው። «ዘይቱም ከርሟል።»

ምሥጋናው ሊጎርስ ያነሳውን እጅ መለሰ። «ታዲያ እያወቅሽ ለምን አቀረብሽው?» አለ። እሳቱን ለምን አላበረድሽውም አላት። ዘይቱንስ ከማን ገዛሽው፣ ከዚያች ከገበያው ዳር ከምትቀመጠው ሴት ከሆነ ደግመሽ እንዳትገዢ፣ ሽንኩርቱም ሳይቀላ ነው ሽሮው የገባው፣ ይሄ በዓይንም ያስታውቃል፣ አለ። ብዙ አለ። ወለተ ሩፋኤል እያላመጠች እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲጨርስ እንጀራ ጨመረችለት፤ በነጋታውም ሆን ብላ ሽንኩርቱን ሳታቀላ ሽሮውን ሠራችው።